ጭልፋ የያዘችው እጅ

መምህር ሽሪዳር ባርቬ ከገዛ ቤታቸው ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ከዚህ ውስጥ አርባውን በሕንድ አገር የናሺክን ከተማ ልጆች ሳንስክሪት ሲያስተምሩ፣ ሲቆነጥጡና ሲረግሙ ኖረዋል። ኢንስፔክተር ቪሽራም ጋዋስም ከተቆነጠጡት አንዱ ነበር። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሲያያቸው ግራ ጆሮው ጋለበት።

ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። ደማቸው በንጣፉ ድንጋይ መጋጠሚያ ገብቶ ረግቷል። ሌላ የድብድብ ምልክት የለም፤ መነጽራቸው እንኳ አልተሰበረም።

«ምን ይመስልሃል?» አለው ሳጅን ሎንዴን።

«ሽማግሌ ሰው፣ ያረጀ ደረጃ፣ የሚንቀጠቀጥ እግር። ሌላ ምን ሊመስለኝ ነው ሳሄብ? ፈርመን እንሂድ፤ ቁርሴን ሳልጨርስ ነው የጠሩኝ።»

ሎንዴ ሬሳ ፊትም ስለ ሆዱ የሚያወራ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። ጋዋስ ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ያምን ነበር።

የሟቹ ምራት ቫትሳላ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። የሳሪዋን ጫፍ ራሷ ላይ ጥላ ሁለት እጆቿን ከሥሩ ደብቃለች። ባሏ ማኖሃር ሲናር ወደምትባል ከተማ ለሥራ ሄዶ እዚያው አድሯል፤ ሰው ተልኮበታል። ልጅ የላቸውም። ቤቱ ውስጥ የነበሩት እሷና አማቷ ብቻ ናቸው።

«ከተነሳሽ ጀምሮ የሠራሽውን ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ተነሳሁ። ገላዬን ታጠብኩ። ሻይ አፈላሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ እንዲህ ሆነው ነበር።»

«ስትወጪስ?»

«ከላይ ተኝተው ነበር… መስሎኝ።»

ጋዋስ ቃሏን እንዳለ ጻፈው። ልቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ አጭርና የተስተካከለ ቃል አይገኝም፤ ነገሩ ሊያስጠረጥረው ሲገባ ደስ አሰኘው። እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል ከላይ የሴት ድምፅ ቤቱን አናጋው።

«የለችም! ኧረ ጉድ! አናፑርና የለችም!»

ሁለቱ ፖሊሶች ደረጃውን ሮጠው ወጡ። የጮኹት ጎረቤቷ እትዬ ያሙና ናቸው፤ ከወገባቸው የጎበጡ፣ ምላሳቸው ግን ቀጥ ያለ ባልቴት። በጣታቸው የሚያሳዩት ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የአማልክቱን የእንጨት ጎጆ ነው።

ጋዋስ ጎንበስ ብሎ አየ። መሃል ላይ ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሽ ተቀምጧል። በግራው ሕፃኑ ክሪሽና በአንድ ጉልበቱ እየዳኸ ቅቤ የያዘች እጁን ዘርግቷል። ሁሉም ናስ ናቸው፣ ሁሉም ከመዳፍ አይበልጡም። አፍንጫቸውና ከንፈራቸው መቶ ዓመት ሙሉ በሁመር ፍሬና በአመድ ታሽቶ ታሽቶ ልሙጥ ሆኗል። ግንባራቸው ላይ የተቀባው ሰንደል ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እግራቸው ሥር ያሉት ቀይ አበቦችም ጠውልገዋል። በቀኝ በኩል ሩዝ የሞላባት ትንሽ የናስ ሳህን አለች። ሩዙ መሃል ላይ ጎድጉዷል፤ የምግብ አምላኳ የአናፑርና ቦታ ባዶ ነው።

«እዚህ ነበር የምትቀመጠው፣ ጭልፋዋን ይዛ» አሉ እትዬ ያሙና። «የቤቱን ሰው ሁሉ የምታበላው እሷ አይደለችም? ሩዝ ላይ ካልተቀመጠች የት ልትቀመጥ ኖሯል!»

«ውድ ነበረች?»

«ውድ ትላለህ ልጄ! የቫትሳላ የሠርጓ ናት። ሙሽራ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ እንኳ አናፑርናን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ነው ባሏ ቤት የምትገባው። እናቷ ደግሞ አፈር ለብሰዋል። በል እንግዲህ ሂድና ዋጋዋን ገምት።» አፈር ለብሰዋል ያሉት ለአነጋገር ነው፤ እዚያ አገር ሰው አፈር አይለብስም፤ ወንዝ ዳር ነው የሚቃጠለው።

ከዚያ ወደ ጋዋስ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ናስ ሠሪው ሳካራም በጓሮ በር ሲወጣ አይቼዋለሁ። የፊት በር እያለ በጓሮ የሚሹለከለክ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ጋዋስ ሎንዴን አየው።

«ቁርስህ ይቅር» አለው።

*

የናስ ሠሪዎቹ መንደር አንድ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ሠላሳ ያህል ሱቆች፣ በየሱቁ አንድ መዶሻ። እዚያ ሰፈር ሰው የሚያወራው በጩኸት ነው፤ ቤቱ ገብቶም ለሚስቱ ይጮኽባታል፤ እሷም ትለምደዋለች።

ሳካራም ካርዴ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ፖሊስ ሲያይ መዶሻውን በቀስታ አስቀመጠ።

«ዛሬ ከሁለት እስከ ሦስት ተኩል የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ገንቦ ስቀጠቅጥ።»

ሎንዴ የግራውን ጎረቤት ጠየቀ፤ የቀኙን ጠየቀ። ሁለቱም ሳቁበት። «ጌታው፣ እዚህ ሠላሳ መዶሻ ነው የሚጮኸው። የማን መዶሻ ዝም እንዳለ ማን ይለያል?»

ሐኪሙም ከዚህ የተሻለ አልረዳም። ሽማግሌው ከንጋቱ አሥር ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሞተዋል አለ። ይህን ያህል ሰፊ በር ከተከፈተ ማንም ያልፍበታል። ጋዋስ ሳካራምን አሳለፈበት፦ ምራቲቱ ገበያ ስትወጣ ናስ ሠሪው በጓሮ ገባ፣ ምስሏን አነሳ፣ ሽማግሌው ደረሱበት፣ ገፈተራቸው።

ጣቢያ አስቀምጠው ጠየቁት።

«ሰኞ አመሻሽ ላይ ባርቬ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«ምን ሥራ?»

«የናስ ሥራ።»

«የናስ ምን?»

ሳካራም ጉልበቱን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሳሄብ። ይህን አልናገርም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

ጋዋስ በትዕግሥት ጠየቀ፤ ቀጥሎ በቁጣ ጠየቀ፤ ቀጥሎ የሽማግሌውን የተፈነከተ ጭንቅላት ፎቶ ፊቱ ዘረጋለት። ሰውየው አልቅሶ «ጥሩ ሰው ነበሩ፤ እኔንም ቆንጥጠውኛል» አለ። ስለ ሰኞ ግን ትንፍሽ አላለም።

ጋዋስ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ሳይል፣ «ሎንዴ፣ እስቲ አናግረው» አለ።

እዚያ ጣቢያ አናግረው ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጋዋስ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ አዘዘ። ሻዩ ሳይመጣ ጩኸት ሰማ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ባለ ሻዩ ቀና ብሎ አየውና ወዲያው አንገቱን ደፋ። ጋዋስ ሻዩን እስከ አተላው ጠጣው። ሊነሣ ይችል እንደነበረ ኋላ ደጋግሞ አስቦታል። መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ሲመለስ የሳካራም ቀኝ እጅ አብጦ ነበር። ሁለት ጣቶቹ ሌሎቹ ወዳሉበት አያዩም።

«አልተናገረም» አለ ሎንዴ ላቡን እየጠረገ። «ደንቆሮ ነው ወይም ነፍሰ ገዳይ ነው።»

*

ረቡዕ ልጅየው ማኖሃር ተራው ደረሰ። ከአባቱ ጋር ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ በሚል ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቁ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት የት አደርክ ሲባል «ሲናር፣ አክስቴ ቤት» አለ። ሎንዴ ለአክስቲቱ ደውሎ ጠየቃት፤ ፊቱን ካየችው ዓመት አልፏታል።

ጋዋስ ልቡ ዘለለ። ነገሩ ወደ ልጅየው ቢዞር የሳካራም እጅ እንዴት ሊድንለት እንደሆነ አላሰበም፤ ብቻ ዘለለ።

«ዋሽተሃል። ንገረኝ።»

ማኖሃር ጸጉሩን ለአባቱ ሐዘን ተላጭቷል። ላብ በራሰ በራው ላይ ቁልቁል ወረደ። «ለሰው አይነገርም አይደል?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ለእትዬ ያሙና ብቻ እንዳይነገር እለምንሃለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በግ ስበላ ነው ያደርኩት።»

«ምን?»

«ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር፣ አውራ ጎዳናው ላይ ያለ ምግብ ቤት። በየወሩ አንድ ቀን እንሄዳለን። ቤታችን እንኳን ሥጋ፣ በጾም ቀን ሽንኩርትም አይገባም። አባቴ ሲሞት እኔ አጥንት እየጋጥኩ ነበር፤ ገባህ? አባቴ ሲሞት!»

አለቀሰም። ስምንት ሰዎችና አንድ አሳላፊ አጥንት ሲግጥ ማደሩን መሰከሩለት። አሳላፊው፣ «አንድ ሰሃን ሙሉ ብቻውን ጨረሰ» ብሎ ጨመረበት። ሎንዴ ሳቀ። ጋዋስም ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

የሳካራም ሚስት ሱንዳራ ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ነው የሰነበተችው። ጋዋስ ሲወጣም ሲገባም ትነሣለች። አትለምንም፣ አትረግምም፤ ትነሣና ታየዋለች። አርብ ጠዋት ባሏ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ወኅኒ እንደሚወርድ ነግረዋታል።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ እጇ ላይ ባለ ሦስት ደርብ የምግብ ዕቃ አየ።

«ከየት ነው?»

«ከባርቬ ቤት። ጎረቤት ከሚያመጣላት ላይ ቀንሳ ቫትሳላ ናት በየቀኑ የምትልክለት።»

ጋዋስ ቆመ። አማቷን ገድሏል ለተባለ ሰው ምሳ የምትልክ ምራት በፖሊስ ዘመኑ አላጋጠመችውም።

*

ባርቬ ቤት ሲደርስ እትዬ ያሙና ከላይ ነበሩ። አማልክቱን በናስ ትሪ ላይ ደርድረው እያጠቡ ነው። የታጠበውን በለስላሳ ጨርቅ ያደርቃሉ፤ ብብቱን፣ የጉልበቱን እጥፋት፣ የዘውዱን ሥር ሳይቀር በጨርቁ ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ውኃ ከቀረበት አረንጓዴ ያወጣል» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «አምላክም ቢሆን እርጥብ ከተተወ ይታመማል። ምነው ልጄ፣ የገደለው ተይዞ የለም እንዴ?»

«እርስዎ ለምን ያጥቧቸዋል?»

«ማን ይጠባቸው ታዲያ? የሐዘን እድፍ ላይ አይደሉም? ባልየውም ሚስትየውም እስከ አሥር ቀን ድረስ አማልክት አይነኩም። እኔ የሌላ ዘር ነኝ፣ እኔን አይነካኝም። አንተ ቤትስ እንዲህ አይደለም?»

እንዲህ ነው። እናቱ የሞቱት ከሁለት ወር በፊት ነው። ሚስቱ ያን ዕለት ስልኩ ተዘግቶ ሳያበቃ ከአማልክቱ ጎጆ ፊት መጋረጃውን ስባ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ገና አላለቀሰችም ነበር፤ እጇ ግን ቀድሞ አወቀ።

ጋዋስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ማክሰኞ እኔ ስመጣ አበቦቹ የጠወለጉ ነበሩ።»

«የሰኞ ነበሩ። ሬሳው ከወጣ በኋላ እኔ ነኝ ያነሣኋቸው።»

«አማልክቱን በየቀኑ የሚያጥበው ማን ነበር? እሳቸው?»

«ሦስት ዓመት ሆናቸው እኮ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ። ቫትሳላ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ታጥባቸዋለች፣ ሰንደል ትቀባለች፣ አበባ ትሰጣለች፣ ደወሏን ትመታለች። እኔ በእሷ ደወል ነው ወተት የማፈላው።»

«ማክሰኞ ደወሉን ሰሙት?»

አሮጊቷ ክሪሽናን በጨርቁ እንደጠቀለሉት ቀሩ። «ወተቱ ገንፍሎብኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ጆሮዬን ነበር የረገምኩት።»

«ምናልባት የወር አበባዋ ላይ…»

«ያን ጊዜማ ትጠራኛለች! አራቱን ቀን እኔ ነኝ የማጥብላት፤ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጠራኝ ቀርታ አታውቅም። ማክሰኞ አልጠራችኝም።» ከዚያ የተናገሩት ነገር ወዴት እንደሚሄድ ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ተው። ተው እባክህ። እሷ ትንኝ አትገድልም።»

ጋዋስ የማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ተነሳሁ፣ ታጠብኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ገበያ ወጣሁ። ያች ሴት ለፖሊስ ዋሽታለች፤ አማልክቱን አጠብኩ ብላ ግን አልዋሸችም። ዘለለችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እጇን የሰበሰበችው ቤቱ ውስጥ ሞት መግባቱን ስላወቀች ነው። ሬሳውን ያገኘችው ሦስት ተኩል ላይ አይደለም።

*

ቫትሳላ ኩሽናው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ በሐዘን ቤት ምግብ የሚመጣው ከጎረቤት ነው። ማኖሃር ለሥርዓቱ ወንዝ ወርዷል። እትዬ ያሙና በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ጋዋስ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሊጮኽባት አስቦ ነበር የገባው፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ማክሰኞ ጠዋት አማልክቱን አላጠብሽም» አላት።

ትከሻዋ ወረደ፤ ከባድ እንስራ ከራሷ እንዳወረዱላት ሆነች።

«እንዴት በዚህ እጄ ልንካቸው?» አለች።

«አናፑርና የት አለች?»

«ሩዙ ውስጥ።»

የሩዙ በርሜል ከኋላዋ ነበር። ጋዋስ ክዳኑን አንሥቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ሰደደው። ጣቱ ቀዝቃዛ ናስ ነካ። ስትወጣ ሩዝ ከጭኗና ከጭልፋዋ ላይ ረገፈ፤ ልሙጥ ፊቷ ፈገግ ያለ ይመስላል። ቀኝ ትከሻዋ ላይ፣ ጭልፋ የያዘችው እጅ በሚጀምርበት፣ ናሱ ከሌላው ትንሽ ቢጫ አለ።

«ከእጄ ወድቃ ነው የተሰበረችው» አለች ቫትሳላ። «ለእመቤቲቱ አምላክ የዘጠኝ ቀን በዓል ብዬ በሁመር ሳሻት አንሸራተተችኝ። አማቴ አዩ። የጎደለ ምስል አይመለክም፣ በዓሉ ሳይገባ ወንዝ ትግባ አሉ። የእናቴ ናት አልኳቸው። እናትሽም ወንዝ ገብታለች አሉኝ።»

እትዬ ያሙና በሩ ላይ ቃተቱ።

«ሰጠሁት ለሳካራም። እንዲበይዳት። በራሷ በአናፑርና አስምዬዋለሁ፣ መጠገኗን ለማንም እንዳይናገር። ሰኞ ማታ አምጥቶልኝ ቦታዋ አስቀመጥኳት። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሥተው አዩዋት። እጇ ሙሉ ሆኗል። ሞኝ አይደሉም። በፎጣቸው ጠቅልለው ደረጃውን ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ለመንኳቸው። ፎጣውን ያዝኩ።»

«ገፋሻቸው?»

«ጎተትኩ። ፎጣው እኔ ጋ ቀረ፤ እሳቸው…» አንገቷን ነቀነቀች። «እሱ አይደለም። እሱን ብቻ ቢሆን ያን ዕለት እነግርህ ነበር።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አላት ጋዋስ።

«አልሞቱም ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው ‹ውኃ› አሉኝ። ውኃው እዚህ ነው፣ በርሜሉ አጠገብ። ገባሁ። እሷ እጄ ላይ ናት። ‹ሲነሡ ቀምተውኝ ወንዝ ይወስዷታል› አልኩ። መጀመሪያ እሷን ቀበርኩ። ሩዙን አስተካከልኩ። ጣሳውን ሞልቼ ስወጣ…» ሁለት እጆቿን ከሳሪው ሥር አውጥታ አየቻቸው። «ሩዙን አስተካከልኩ፣ ጌታዬ። በመዳፌ ደልድዬ። አንድ ሰው ውኃ እየጠየቀኝ።»

ጋዋስ አናፑርናን በመሐረቡ ጠቀለላት።

«ለምን ቦታዋ አልመለስሻትም?» አለ። «ቦታዋ ብትሆን ኖሮ ሽማግሌ ወደቀ ብለን ፈርመን ሄደን ነበር። ማንም አይታሰርም ነበር።»

ቫትሳላ የገረማት ትመስላለች፤ ዓይነ ስውር ሰው ቀለም የጠየቃት ያህል። «ሞተው? ቤት ውስጥ ሬሳ እያለ አምላክ እንዴት አነሣለሁ?»

«ሳካራምስ?»

አሁን አለቀሰች። «ዛሬ ይናገራል እላለሁ። በየቀኑ፣ ዛሬ ይናገራል። ለሚስቱ ምሳ ስሰጥ፣ ይህን ሲበላ ይናገራል። ከተናገረ እናንተ ትመጣላችሁ፣ እኔም አርፋለሁ። ለምን አልተናገረም?»

እትዬ ያሙና ገብተው አጠገቧ ተቀመጡና ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አደረጉት።

*

ሳካራም በታሰረበት ክፍል ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ጋዋስ መሐረቡን ፈትቶ አናፑርናን ሲያሳየው ተነሥቶ ቆመ። በግራ እጁ ተቀበላት፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ማን ነገረዎት?»

«ራሷ። ሁሉንም።»

«እንግዲያው አሁን መናገር እችላለሁ?»

«ትችላለህ።»

«ሰኞ ማታ የሄድኩት እሷን ላደርስ ነው» አለ ሳካራም።

ሦስት ቀን የታሰረበት፣ እጁ የተሰበረበት ቃል ይህን ያህል ነበር፤ ከዚህ አይረዝምም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ጋዋስ። «ማንንም የማይጎዳ ነገር ነው። ያን ሁሉ…»

«እሷን በዚህ እጄ ነክቼ የሰጠሁት ቃል ነዋ፣ ሳሄብ። ደግሞ ሴትዮዋ ራሷ ትመጣለች ብዬ ነበር። ምሳ ስትልክልኝ፣ በቃ ዛሬ ትመጣለች አልኩ።» ያበጠውን ቀኝ እጁን ከደረቱ ላይ ትንሽ አንሥቶ አየው። «ይኼ መዶሻ ይይዛል ይላሉ?»

ሐኪሙ ለጋዋስ የነገረው ሌላ ነው። ጋዋስ ግን አሁንም ፈራና፣ «ይታያል» አለ።

በሩ ላይ ሱንዳራ ተነሣች። ባሏ ሲወጣ ስታይ አልጮኸችም። የግራ ክንዱን ያዘች፣ ሁለቱም መንገዱን ተሻገሩ። ጋዋስ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቢሮው ገባ።

ሎንዴ የጣቢያውን መዝገብ ከፍቶ ጠበቀው። ፊቱ ደስ ብሎታል፤ ጉዳዩ አልቋል፣ የራት ሰዓት ደርሷል።

«የእጁን ነገር ለመልቀቂያው መሙላት አለብን» አለ። «ሲያዝ ታግሎ ወደቀ እንበለው። ሁሌ እንደምንለው።»

ጋዋስ ተቀምጦ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። የዚያች ሴት ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበር። እሷ ውኃ የጠየቃትን ሰው ትታ ሩዝ ስትደለድል፣ የቆየችው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው። እሱ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ጨርሷል። መጻፍ ጀመረ፤ ሎንዴ በትከሻው በኩል ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«የእስረኛ ሳካራም ካርዴ ቀኝ እጅ የተሰበረው ማክሰኞ በዚህ ጣቢያ ውስጥ በሳጅን ሎንዴ ዱላ ነው። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ሳሄብ!» ሎንዴ ፊቱ አመድ መሰለ። «እርስዎ እኮ… አናግረው ብቻ ነው ያሉኝ። ሌላ አላሉም።»

«አናግረው ነው ያልኩህ» አለ ጋዋስ። «ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።»

ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመ። ከዚያ መዝገቡን አዞረና እሱም እንዲፈርም እስክሪብቶውን ለሎንዴ ዘረጋለት። ሎንዴ አየው እንጂ አልተቀበለውም። ጋዋስ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀው።